የጎርፉ አባትና ተለዋጩ መንገድ

መንገዱ በአዲስ ሊሠራ ነው የተባለ ዕለት ከዋጃ እስከ ጎብዬ እልል ያላለ ሰው አልነበረም። ዳምጤም እልል ብሏል፤ መዋሸት ምን ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቆላው የጠጣው አቧራ ብቻ ነው። አሮጌው መንገድ ተቆፍሮ ተዘጋና መኪናው ሁሉ ተለዋጭ መንገድ በሚሉት የአፈር ጥርጊያ ላይ መንገጫገጭ ያዘ። ድሮ ከዋጃ ቆቦ አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ ይደረስ ነበር፤ አሁን ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው መሀል መንገድ ላይ ከተገተረ ግማሽ ቀን ነው። ተሳፋሪው ቆቦ ሲወርድ ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስላል፤ እናት እንኳ ልጇን የምትለየው በድምፁ ነው። አቤት ሲባል «ታገሱ፣ ለልማት ነው» ይባላል፣ ሰውም ልብሱን አራግፎ ወደየቤቱ ይገባል።

ዳምጤን የከፋው ግን አቧራው አይደለም። እሱ የጎርፍ አባት ነው። ይህን ሹመት ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ የቆላው ዝናብ ስስ ነው፣ አገሩን የሚያበላው ደጋው ላይ ጥሎ በደረቅ ወንዝ እየተንደረደረ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ገበሬው ያንን ጎርፍ በድንጋይና በእሾህ እየጠለፈ በተራ በተራ ማሳው ያስገባል። የማን ተራ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጠለፍ፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚናገረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የጎርፍ አባት ይባላል። በውሃ ተራ ሰው ተጣልቶበታል፣ ደምም ፈሶበታል፣ ስለዚህ ሕጉ የጠበቀ ነው፤ ያለ ጎርፍ አባት ቃል ጠለፋ ላይ እጅ አይነሳም፣ ወንድምም ቢሆን። ዳምጤ ይህን ቃል አሥራ አራት ዓመት ይዞታል። ደጋው ላይ ያንዣበበውን ደመና አይቶ «በጎች ሳይገቡ ይደርሳል» ካለ ይደርሳል። ሰዉ ያምነዋል። ከሰው ሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ራሱን ያምናል፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ተለዋጩ መንገድ ከመንደሩ ወደ ቆቦ ወረድ ብሎ የጎርፉን መሄጃ አቋርጦ ተደለደለ። ከአፈር ድልድሉ ሥር ሁለት ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ተቀበሩ። ድሮ ውሃው እየተጠማዘዘ የአርባ አባወራ ማሽላ ያጠጣ ነበር፤ አሁን በቱቦው ሹልክ ብሎ መንገዱን ያልፍና ማዶ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ቱቦው ሁለት ሲሆን ከትልቅ ጎርፍ ጥቂት ትርፍራፊ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ሦስትና አራት ቢሆን ጠብታም አይተርፋቸውም። የዳምጤ ሰዎች ችግር ይኸው ነው።

ውሃችንን መልሱልን ብለው አቤት አሉ። የመንገዱ መሐንዲስ ስሜነህ የሚባል ከጎጃም የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ድምፁ እንኳ በቅጡ የማይሰማ። ሦስት ጊዜ ሄዱበት፣ ሦስት ጊዜም ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው። «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው አባቶቼ፤ ለበላይ አስተላልፌያለሁ» ይላል። አስተላልፏልም፤ ልጁ አይዋሽም። የበላይ የሚሉት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ማሽላ ደግሞ የደብዳቤ መልስ አይጠብቅም። ሐምሌ ገባ፣ ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ ቅጠሉ ይጠቀለል ጀመር።

«ቱቦውን እንድፈነዋ» አለ በድረዲን አንድ ማለዳ። በድረዲን የዳምጤ የማሳ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ሲያላምጡት የከረሙትን ነው አፍ አውጥቶ የተናገረው።

ዘዴው ቀላል ነበር። የማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ ሁለቱን ቱቦ መወተፍ፣ ከረጢቶቹን በወፍራም ገመድ ማያያዝ። ጎርፉ ሲመጣ ወደ ጥንት መሄጃው ይዞራል፤ ማሳው አንድ ሰዓት ያህል ይጠጣል፤ ውሃው ድልድሉ ላይ ሳይወጣ ዳምጤ «ሳብ» ይላል፣ በድረዲን ገመዱን ይስባል፣ የቀረው ውሃ በቱቦው ይሄዳል። መኪና አይቆም፣ ሰው አይጎዳ፣ ማንም አያውቅ። የከረጢቶቹን አፍ የሰፋችው የዳምጤ ሚስት ከፈለች ናት። ወስፌውን እየሳበች «ጎኔን ወጋኝ» አለችው። «ብርድ ነው» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። ዓይኑ ደጋው ላይ ነበር።

ቱቦዎቹን በዚያው ሌሊት ደፈኑ፤ ከዚያ ግን ሦስት ቀን በእነሱ በኩል ደመና ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው ቀን ከፈለች መቆም አቃታት። ለካ ሦስቱንም ቀን ጥርሷን ነክሳ ነው የቻለችው፤ ባሏ ጎርፍ የሚጠብቅበት ጊዜ ነውና ሸክም መሆን አልፈለገችም። ዋጃ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ ሆዷን ጫን ስታደርገው ጮኸች። «ትርፍ አንጀት ይመስላል፤ ሳይፈነዳ ዛሬውኑ ወልድያ ሆስፒታል ትድረስ» ተባለና ወረቀት ተጻፈላት። ወደ አላማጣ እንዳይሞከር በዚያ በኩል ያለው ወንዝ ከንጋት ጀምሮ ሞልቶ መኪና አያሻግርም። ካሊድ የሚባል የቆቦ ሚኒባስ ነጂ የኋላውን ወንበር አስለቅቆ አስተኛት። ኡሙሃኒ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ «ነይ እህቴ፣ አላህ ያሽርሽ» ብላ ራሷን ጭኗ ላይ አደረገችላት። ዳምጤ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት ደጋውን አየ። ጠቁሯል። ነፋሱም እርጥብ አፈር ይሸታል። ወዲያው እንደ ልማዱ አሰላው። ጎርፉ ከተራራው ሥር ተነስቶ ቱቦው ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። መኪናው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። «እናልፋለን» አለ በሆዱ። ካለፉ በኋላ ቆቦ ላይ ሆኖ ለበድረዲን ይደውላል፣ መቼ እንደሚስብ ይነግረዋል። ከፈለች ሐኪም ጋ ትደርሳለች፣ ማሳውም ይጠጣል። አሥራ አራት ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ዛሬ በምን ይሳሳታል ብሎ እግሯን በነጠላው ሸፈነላት።

መንደሩን አልፈው ቱቦው ጋ ሊደርሱ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ቀይ ባንዲራ ቆመባቸው።

ከፊታቸው ሁለት ገልባጮች ጠጠራቸውን መሀል መንገዱ ላይ ደፍተው ሄደዋል። ጠጠሩን የሚገፋው ግሬደር ደግሞ ተበላሽቶ መካኒክ ሥሩ ተኝቷል። በግራ ቦይ፣ በቀኝ የተቆለለ አፈር፤ ዞር ብሎ ማለፊያ የለም። መኪናው ከኋላ እየተደረደረ መጣ። ባንዲራ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያ ሆኗልና በለስ ሻጮች ወዲያው ከበቧቸው። ተሳፋሪው ለምዶታል፤ አንዱ በለስ ያስልጣል፣ አንዱ ከመኪናው ጥላ ሥር ይተኛል፣ ወልድያ ለስብሰባ የተጠራ አስተማሪ ሰዓቱን እያየ ለብቻው ይስቃል። «ስብሰባው ስለ መንገዱ ጥቅም ነው» አለ፣ ሰዎቹም ሳቁ።

ካሊድ ወርዶ ለመነ። «የታመመች ይዘናል፣ ስለ አላህ» አለ። ስሜነህ ራሱ መጣ። በመስኮቱ ከፈለችን አያት፣ ዳምጤንም አወቀው። «እግዜር ይማርሽ እናቴ። አሥር ደቂቃ ብቻ ታገሱኝ» አለና ወደ ግሬደሩ ሮጠ፤ በእውነት ሮጠ። አሥር ደቂቃው ሃያ ሆነ፣ ሃያው አርባ ሆነ፣ ከዚያም ሰዓቱን የሚቆጥር ሰው ጠፋ። መሐንዲሱ ሠራተኞቹን አሰልፎ ጠጠሩን በአካፋ ያስጠርግ ጀመር፤ እሱም አንድ አካፋ ያዘ።

ዳምጤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የሚናገረው ሁለት ቃል ነው፤ በድረዲን፣ ሳብ። ግን መኪናው ውስጥና ሥሩ አሥራ አምስት ሰው አለ፣ መሐንዲሱም ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ አካፋውን ይወረውራል። ሳብ የምትለው ምኑን ነው ቢሉት ምን ይላል? የመንግሥት መንገድ ደፍኖ መገኘት ወህኒ ነው፤ ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ለበድረዲንም ነው። ስልኩን መለሰው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። አሁን ገመዱ ከተሳበ የዘንድሮ ማሽላ አለቀለት። ጎርፍ በክረምት ሁለቴ ሦስቴ ቢመጣ ነው፤ ይህን ያሳለፈ ሰው ለልጆቹ ምን ሊያበላ ነው? ስለዚህ «አሁን ይለቁናል፣ አሁን ይለቁናል» እያለ ራሱን ያታልል ጀመር። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ፤ እንዲህ ሲያደርግ ሦስቴ ሆነ።

ወርዶ፣ ከመኪናው ኋላ ዞሮ መደወል ይችል ነበር። ይህችን ነገር ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንዳሰባት እሱ ያውቃል። በመጨረሻም ወርዷል እኮ። ከፈለች ማቃሰቷን ስታበዛ አላስችል ብሎት ወረደ። ቁጥሩን ፈልጎ አገኘው፣ ጣቱን ሊጫን ሲል አረንጓዴው ባንዲራ ወጣ። ካሊድ ጥሩንባውን እያንባረቀ «አያ ዳምጤ፣ ግቡ እንጂ፣ ለቀቁን» ብሎ ጠራው። ከዚህ በኋላማ አምስት ደቂቃ ነው፣ እናልፋለን አለና ስልኩን ኪሱ ከቶ ገባ።

ሲደርሱ ጎርፉ ቀድሟቸዋል።

ድፍርስ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ድልድሉ ላይ ወጥቷል። ከማዶ ከቆቦ የመጣ አውቶቡስ ቆሟል፤ ሰዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው ያያሉ። ከወዲህ፣ ራቅ ብሎ ከአንድ ጉብታ ሥር፣ በድረዲን ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ማሳው ሞልቶ ሲትረፈረፍ ቆሞ አይቷል። ድልድሉ ሲዋጥም ቆሞ አይቷል። አልሳበም፤ ቃሉ አልመጣለትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ሳልል እጅህን እንዳታነሳ» ያለው ዳምጤ ነው፣ በድረዲን ደግሞ ሕግ የሚያከብር ሰው ነው። አሁን ዳምጤን ከመኪናው ሲወርድ ሲያየው ገመዱን ከፍ አድርጎ አሳየው፤ ልሳብ ማለቱ ነው። ዳምጤ እጁን አነሳ። በድረዲን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ፣ ገመዱ ተበጥሶ በጀርባው ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ ድልድሉ መሀሉ ላይ ተናደ። ውሃው ከረጢቱንም ቱቦውንም ጠራርጎ ወሰደው። ሰው ሁሉ የሚያየው ጎርፉን ነበርና በድረዲንን ልብ ያለው የለም።

ከዚያ እርግማኑ ተጀመረ። «ይሄ መሐንዲስ ነኝ ባይ» አለች ኡሙሃኒ የከፈለችን ግንባር በሻሿ እየጠረገች፣ «ሁለት ቱቦ ቀብሮ ጎርፍ ሊያሳልፍ። እጁ ይሰበር፣ ጤና አይስጠው»። አስተማሪው አሁን አይስቅም፤ «ተማርን ባዮች አገሬውን አይጠይቁም» አለ። ካሊድ ጎማውን በእርግጫ እየመታ የኩባንያውን ዘር ማንዘር ሰደበ። ዳምጤ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሁለቱ ቱቦ ይህን ጎርፍ ያለ ችግር ያሳልፈው እንደነበር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ስሜነህ ከኋላ እየሮጠ መጥቶ የተናደውን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ፤ ሰዉ ፊቱን አዞረበት። ዳምጤም አብሮ አዞረ።

ከፈለች ዓይኗን ገልጣ ባሏን ፈለገችው። ጎንበስ አለላት።

«ማሳው ጠጣ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ጠጣ።»

«እሰይ።» ከዚያ እጁን ጨብጣ «አፍህን ያዝ። ልጆቹ አሉ» አለችው።

እንዲያ ባትለው ይሻለው ነበር። ብትሰድበው፣ ብትራገመው ይሻለው ነበር።

ውሃው ረገብ ያለው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከእንጨትና ከነጠላ ቃሬዛ ሠርተው ስምንት ሆነው ተሸከሟት። ስሜነህ ማንም ሳይጠራው ጫማውን አውልቆ አንዱን ጫፍ ያዘና ገባ። ውሃው ደረታቸው ደርሶ መሀል ላይ ሳሉ ከፈለች «ሕመሙ ለቀቀኝ» አለች። ዳምጤ ደስ አለው፤ ተመስገን አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ማዶ በቆመ መኪና ወልድያ አደረሷት። ሐኪሙ መርምሯት ሲወጣ «ፈንድቷል፤ ሕመሙ የለቀቃት ለዚያ ነው። ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለና የቀረውን ተወው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ በማግስቱ ሞተች።

ለቀስተኛው ሁሉ ኩባንያውን እየተራገመ ገባ፣ እየተራገመ ወጣ። ማሽላው ከድንኳኑ ጀርባ በሦስት ቀን ውስጥ ቀና ብሎ ቅጠሉን ዘርግቷል። የመጣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ «እግዜር አንዱን ነስቶ አንዱን ሰጠ» ይላል። ዳምጤ ለማሳው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

በሠልስቱ ስሜነህ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ባዶ እግሩን፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ዕርቅ እንደሚለምን ነፍሰ ገዳይ። ይህን አድርግ ያለው የለም፤ አለቆቹ እንዲያውም «አትሂድ፣ ጥፋት ማመን ይሆናል» ብለውት ነበር አሉ። ዳምጤ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ባንዲራውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቱቦውንም ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ጠበበ። ሰው ገደልኩ።» ከዚያ አለቀሰ።

ዳምጤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ልጄ» አለ፣ «ቱቦውኮ…»

በድረዲን ከኋላው ነጠላውን ጨምድዶ ያዘው። ድንኳኑ ውስጥ የአርባው አባወራ ሰው ተቀምጧል፤ ግማሹ ያውቃል፣ ግማሹ ይጠረጥራል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «ሐዘን ነው፣ አታናግሩት» አለ በድረዲን። «ይቅር በለው አያ ዳምጤ፣ በቃ።» ሽማግሌዎቹም «በሟቿ ነፍስ፣ ይቅር በል» አሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ዳምጤ።

ድንጋዩን አወረዱለት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሴቶቹ «ወይ ልብ፣ እንዲህ ያለ ልብ ለማን ተሰጠ» አሉ። ይቅርታ መለመን የሚገባው ሰው ተቀምጦ ይቅርታ ሰጠ፣ በዚያም ላይ ተመረቀበት።

ስሜነህ ሊሄድ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ። ዓይኑን በእጁ ጠረገ። «አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዋናው መንገድ በመጪው ዓመት እዚያው ላይ ነው የሚያልፈው። ያኔ ስትለምኑኝ ጆሮ ሰጥቼ አልሰማኋችሁም፣ አሁን ልስማ። ጎርፉን እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለም ይላሉ። ሌላ ሰው እንዳይሞት፣ ስንት ቱቦ ነው የሚበቃው?»

ዳምጤ መልሱን ያውቀዋል፤ ሁለት ነው። ሁለት ካለ ግን ያኔስ ሁለቱ ለምን አላሳለፉም ይባላል። ከሁለት በላይ ካለ ደግሞ ያቺን ትርፍራፊ ውሃ ከልጆቹ ማሳ ለዘለዓለም ማጥፋቱ ነው፤ አርባው አባወራም አብሮ ይደርቃል። በድረዲን ነጠላውን ይበልጥ ጨመደደው፤ በል ይበለው አትበል ይበለው፣ ዳምጤ አላወቀውም።

«ስድስት» አለ ዳምጤ።

ስሜነህ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስድስት ብሎ ጻፈ፣ የዳምጤን እጅ ስሞም ወጣ።